ስማችሁን በዶሜይን የቀደማችሁ ሰው ሲኖር ምን ታደርጋላችሁ?

በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች የምትሸጥ አንዲት ወዳጅ አለችኝ። ቴሌግራም ላይ ደህና ገበያ ይዛለች፤ ማሸጊያዋ ላይ የሱቋ ስም በትልቁ ታትሟል። አንድ ማታ ድረ ገጽ ልትከፍት ስትሞክር ስሟ በዶት ኮም ተይዞ አገኘችው። ገጹ ነጭ ነው። መሀሉ ላይ ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ፣ ለሽያጭ መቅረቡን የሚናገር አንድ መስመር አለ፣ ከሥሩ የመልእክት ሣጥን። ወዲያው ለያዘው ሰው ጻፈችለት። "ይሄ የሱቄ ስም ነው፤ ስድስት ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ በስንት ትሸጥልኛለህ?" ለእኔ የደወለችው መልሱ ከመጣላት በኋላ ነው። የተጠየቀችው ገንዘብ የዓመት የሱቅ ኪራይዋን ያህላል።

እኔ መጀመሪያ የጠየቅኳት ዶሜይኑ መቼ እንደተመዘገበ ነው። አላየችም። ስልክ ላይ ሆነን አብረን አየን። ሱቋን ከመክፈቷ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ተመዝግቧል። ክርክሩ እዚያው አለቀ። ሰውዬው ያኔ ያልነበረ ሱቅ ስም ሊቀማ አይችልም።

እንደ እሷ ተናደው የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። ንዴታቸው ይገባኛል፤ ስም የለፉበት ነገር ነው። ግን የዶሜይን ክርክር በንዴት ሳይሆን በቀን ነው የሚወሰነው። የእናንተ ስም ከመቼ ጀምሮ ታወቀ? የእሱ ዶሜይን መቼ ተመዘገበ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሳል።

መጀመሪያ፦ ምንም አትጻፉለት

ዶሜይኑን የያዘው ሰው ራሱ ቀድሞ "ግዙኝ" ብሎ በውድ ዋጋ ከመጣ፣ ያ መልእክት ጥሩ ማስረጃ ነው። እናንተ ቀድማችሁ "ስንት ነው?" ካላችሁት ግን ዋጋ መጥራቱ ለጥያቄያችሁ መልስ ብቻ ይሆናል። የዶሜይን ክርክር የሚያዩ ዳኞች (እነማን እንደሆኑ ከታች እመለስበታለሁ) ሁለቱን እኩል አያዩአቸውም። ሌላም አለ። ከጻፋችሁለት ይነቃል። የነቃ ሰው ገጹን ይቀይራል፣ ዶሜይኑን ወደ ሌላ ስም ያዛውራል።

በመጻፍ ፋንታ ስክሪንሾት አንሱ። የዶሜይኑ ስም ከላይ ይታይ፤ የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓትም ይታይ። ገጹ ላይ ወደ ተፎካካሪዎቻችሁ የሚወስዱ ማስታወቂያዎች ካሉ እነሱንም አንሱ። የይለፍ ቃል ወይም የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ከሆነ ግን ምንም እንዳታስገቡ።

ከዚያ ዌይባክ ማሽን የሚባለውን የድረ ገጾች ማኅደር ክፈቱ። ዶሜይኑ ባለፉት ዓመታት ምን ይመስል እንደነበር በቀን በቀን ያሳያችኋል። የዛሬውን ገጽም እዚያው አስቀምጡት። ሦስተኛ ወገን የመዘገበው ቀን ራሳችሁ ካነሳችሁት ስክሪንሾት የበለጠ ይታመናል።

ቀኑን እዩ

የዓለምን የዶሜይን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን ነጻ የመፈለጊያ ገጽ አለው። ዶሜይኑን አስገቡ። የባለቤቱን ስም ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ፤ የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ እንዲህ ነው። አይጨነቃችሁ፣ አቤቱታ ሲገባ ስሙ ይገለጣል። የተመዘገበበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀንና ዶሜይኑን የሸጠው ድርጅት፣ ማለትም ሬጂስትራሩ፣ ግን ይታያሉ።

አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ በኩል የዶሜይኑን ቀኖች ጻፉ። በሌላው በኩል የእናንተን፦ ንግድ ፈቃድ ያወጣችሁበት፣ የመጀመሪያው ደረሰኝ፣ የመጀመሪያው ማስታወቂያ፣ የንግድ ምልክት ያመለከታችሁበት። የዶሜይኑ ቀን ከእናንተ ሁሉ የሚቀድም ከሆነ አቤቱታው በአብዛኛው አያዋጣም። ዶሜይኑ በመሀል ተሸጦ ከሆነ ግን የሚቆጠረው አሁን የያዘው ሰው የገዛበት ቀን ነው። ማደስ ብቻውን ቀኑን አይቀይርም።

የጠፋባችሁ የራሳችሁ ዶሜይን ሳይታደስ ቀርቶ ከሆነ ቀኑ የበለጠ ያስቸኩላል። እንደ ዶት ኮም ባሉት ላይ ጊዜው ካለፈ በኋላ ሬጂስትራሩ እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል። ከተሰረዘ በኋላም 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ፤ ክፍያው ከተለመደው ይወደዳል። ቀጥሎ 5 ቀን ይጠብቅና ለማንም ክፍት ይሆናል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ከሆናችሁ ይህን ጽሑፍ ተዉትና አሁኑኑ ሬጂስትራሩ ጋር ደውሉ።

ጉዳያችሁ የትኛው ነው?

ሳይበር ስኳቲንግ የሚባለው የሌላውን የንግድ ምልክት እያወቁ፣ ለባለቤቱ በውድ ለመሸጥ ወይም ደንበኛውን ለማሳሳት በዶሜይን መያዝ ነው። ስሜ ተያዘ የሚል ሁሉ ግን እዚህ ውስጥ አይገባም።

እኛ አገር በብዛት የማየው ሌላ ነው። ድረ ገጹን የሠራው ልጅ ዶሜይኑን በራሱ ኢሜይል ይመዘግባል። ከዓመት በኋላ በክፍያ ይጣላሉ፤ ስልክ አያነሳም። ይህ በባሕርዩ የውል ክርክር ነው። የዶሜይን ዳኞች እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ "ፍርድ ቤት ሂዱ" ብለው ይመልሱታል። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ውሉ፣ የከፈላችሁበት ደረሰኝና የቴሌግራም ልውውጡ ነው። ከሁሉ በፊት ግን በሽማግሌም ቢሆን አነጋግሩት። የዶሜይኑን የማዛወሪያ ኮድ ከሰጣችሁ ወደ ራሳችሁ ሬጂስትራር ማዛወሩ ቀላል ነው።

ገጹ እናንተን መስሎ የደንበኛ ገንዘብ እየሰበሰበ ከሆነ ደግሞ የሁለት ወር ክርክር አትጠብቁ። ለሬጂስትራሩና ገጹን ላስቀመጠው ሆስቲንግ ድርጅት በማጭበርበር ጥቆማ መስመራቸው ጻፉ። ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአይካን ውል ሬጂስትራሮች በቂ ማስረጃ ሲቀርብላቸው ፊሺንግን፣ ማለትም ሌላውን መስሎ ሰው ማጭበርበርን፣ እንዲያስቆሙ ያስገድዳል።

ሌላው፣ ሰውዬው ስሙ ራሱ ያ ሊሆን ይችላል። ኒሳን የዕብራውያን ወር ስም ነው፤ የሰው ስምም ነው። አሜሪካ ውስጥ ዑዚ ኒሳን የተባለ ሰው በስሙ የኮምፒውተር ንግድ ነበረው፤ ኒሳን ዶት ኮምን እ.ኤ.አ. በ1994 አስመዘገበ (ከዚህ በታች ያሉት የውጭ ጉዳዮች ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የመኪናው ኩባንያ በ1999 ከሰሰው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ፍርድ ቤት የመኪና ማስታወቂያ እንዳያወጣበት ቢከለክለውም ዶሜይኑ እጁ ላይ ቀረ። ኩባንያው ስንት ጠበቃ እንደነበረው አስቡት።

ወረቀታችሁ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ንግድ ፈቃድ ላይ የተጻፈው የንግድ ስም ነው። የንግድ ምልክት ሌላ ነው፤ የሚመዘገበውም በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን በኩል ነው። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው)። ምዝገባው ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ 7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። የማመልከቻው ቀን የሚቆጠር መሆኑን ልብ በሉ። ነገ ዛሬ እያላችሁ ያዘገያችሁት ቀን አንድ ቀን ይፈለጋል።

ደስ የሚለው፣ በዓለም አቀፉ የዶሜይን ክርክር የንግድ ምልክቱ በየትኛውም አገር ቢመዘገብ ይሠራል። ዶሜይኑን የያዘው ሰው ቻይና ይኑር አሜሪካ፣ የአዲስ አበባው ወረቀት በቂ ነው። ያልተመዘገበ ምልክትም አይዘጋባችሁም፤ ነገር ግን ሕዝቡ ስሙን ሲሰማ እናንተን እንደሚያስብ በሽያጭ መጠን፣ በማስታወቂያ ወጪ፣ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ሽፋን ማሳየት አለባችሁ። ከባድ ሸክም ነው።

ለእኛ የተለየ ችግር የሚሆነው የፊደል ጉዳይ ነው። "ፀሐይ" የሚለውን ስም ውሰዱ። አንዱ በቲ እና ኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ። አንዱ በዋይ ይጨርሳል፣ ሌላው በአይ። ዋይ ላይ ኢ የሚጨምርም አለ። "ቀ"ን በኬ የሚጽፍ አለ፣ በኪው የሚጽፍም አለ። እናንተ አንዱን ስትይዙ ቀማኛው ሌላውን ይይዛል፤ ደንበኛችሁ ደግሞ በለመደው አጻጻፍ ይፈልጋል። ዳኞች የምልክትን ድምፅ በሌላ ፊደል መጻፍ እንደ መመሳሰል ይቀበሉታል። ቢሆንም ሥራ ታቀላላችሁ፦ ምልክታችሁን ስታስመዘግቡ በግእዝ ፊደልም በላቲንም አብራችሁ አስመዝግቡ። በብዛት የሚጻፍባቸውን ሁለት ሦስት አጻጻፎችም በዶሜይን ግዙ። የአንዱ ዶት ኮም የዓመት ዋጋ ከአንድ ምሳ ግብዣ አይበልጥም።

ሦስቱን ነጥቦች አስረዱ

አይካን በ1999 ያጸደቀው የክርክር ሥርዓት ዩዲአርፒ ይባላል። ዶት ኮም፣ ዶት ኔት፣ ዶት ኦርግ የገዛ ሁሉ ሲገዛ በውሉ ተቀብሎታል። የመጀመሪያው ጉዳይ የአሜሪካው የትግል ትርዒት ድርጅት አቤቱታ ነበር፤ በጥር 2000 ተወሰነለት። ዛሬ ዋይፖ፣ ማለትም የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ ብቻውን በዓመት ከ6,000 በላይ አቤቱታ የተቀበለበት ጊዜ አለ።

አመልካቹ ሦስት ነገር ያስረዳል። ሦስቱም ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱ ብቻ አይበቁም።

አንደኛ፣ ዶሜይኑ ከምልክታችሁ ጋር አንድ ነው ወይም ያሳስታል። ይህ ቀላሉ ነው። ዶት ኮም የሚለው ጭራ አይቆጠርም። "ሾፕ" ወይም "ኦንላይን" ብሎ መጨመርም አያድነውም።

ሁለተኛ፣ ተጠሪው በስሙ ላይ መብት ወይም ሕጋዊ ጥቅም የለውም። ክርክር ሳይነሳ በፊት በቅን ልቦና ይነግድበት ከነበረ፣ በዚያ ስም የሚታወቅ ከሆነ፣ ወይም ለትችትና ለአድናቂዎች ያለ ትርፍ የሚጠቀምበት ከሆነ መብት አለው። ስቲንግ የተባለው ሙዚቀኛ በ2000 በስሙ የተያዘውን ዶሜይን ጠይቆ ተሸንፏል። ቃሉ የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ያዡም ኢንተርኔት ላይ ለዓመታት በዚያ ቅጽል ስጠራ ነበር ብሎ ተከራክሯል። በዚያው ዓመት ተዋናይት ጁሊያ ሮበርትስ አሸንፋለች። የሙሉ ስሟን ዶሜይን የያዘው ሰው ስሙ ያ አይደለም፣ ሊነግድበትም የራሱ ምክንያት አልነበረውም።

ሦስተኛው ዋናው ነው፦ ዶሜይኑ ከቅን ልቦና ውጪ ተመዝግቧል፣ ከቅን ልቦና ውጪም እየዋለ ነው። "ተመዝግቧል" እና "ውሏል" ሁለት ናቸው፤ ሁለቱንም ታስረዳላችሁ። የወዳጄ ጉዳይ የሚወድቀው "ተመዝግቧል" በሚለው ላይ ነው። ደንቡ ራሱ ምሳሌዎች ይሰጣል። ለምልክቱ ባለቤት ከወጪው በላይ ለመሸጥ መመዝገብ አንዱ ነው። የሰዎችን ስም ተራ በተራ እየያዙ ባለቤቶቹን መከልከል ሌላው ነው፤ ስለዚህ ተጠሪው የያዛቸውን ሌሎች ዶሜይኖች ፈልጉ፣ በእሱ ላይ የተሰጡ የድሮ ውሳኔዎችንም እዩ። የተፎካካሪን ሥራ ማደናቀፍ አለ። ደንበኛ አሳስቶ በማስታወቂያ ገንዘብ መሥራትም አለ።

"ባዶ ገጽ ነው፣ ምን ተጠቀመበት?" ትሉ ይሆናል። በ2000 የአውስትራሊያው ቴልስትራ ስሙን በዶት ኦርግ በያዘ ሰው ላይ ያቀረበው አቤቱታ ለዚህ መልስ ሰጥቷል። ገጽ አልተከፈተበትም። ምልክቱ ግን በደንብ የታወቀ ነበር፤ ያዡም ማንነቱን በሐሰት መረጃ ደብቋል። ዳኛው ዝም ብሎ ይዞ መቀመጥም ከቅን ልቦና ውጪ መጠቀም ሊሆን ይችላል አሉ። ዛሬም በየውሳኔው ይጠቀሳል።

የተጠሪ ሰበብም ይመረመራል። ዩዲአርፒ ሳይኖር በፊት አንድ የኢሊኖይ ሰው የፊልም ካሜራ ሠሪውን የፓናቪዥንን ስም ይዞ 13,000 ዶላር ጠየቀ። ገጹ ላይ ያስቀመጠው ፓና የምትባለውን የኢሊኖይ ከተማ ከላይ የተነሳ ፎቶ ነበር፤ "ፓና፣ ቪዥን" እንዲሆን። ፍርድ ቤቱ በ1998 አልተቀበለውም።

የት ታቀርባላችሁ፣ ስንትስ ያስወጣል?

ዋይፖ ጄኔቫ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፎረም የሚባለው ተቋም አለ፤ ፕራግና እስያ ውስጥም ሌሎች ተቋማት አሉ። ዳኛ የሚሆኑት በየአገሩ ያሉ የሕግ ሰዎች ናቸው። መሄድ የለም፣ ችሎት የለም። ሁሉም በኢሜይል ነው።

ዋይፖ ከ1 እስከ 5 ዶሜይን በአንድ ዳኛ 1,500 ዶላር፣ በሦስት ዳኛ 4,000 ዶላር ያስከፍላል። የጠበቃ ሌላ ነው። ዳኛው ከመሾሙ በፊት ከተስማማችሁ በአንድ ዳኛ ጉዳይ 1,000 ዶላሩ ይመለሳል። ብዙ ተጠሪ አቤቱታው ሲደርሰው ለመስማማት ፈቃደኛ ስለሚሆን ይህን በቀላሉ አትዩት። ከአገር ቤት ሆናችሁ የምትከፍሉ ከሆነ የውጭ ምንዛሪውን ጉዳይ ከባንካችሁ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ማሸነፍ ዶሜይኑን ማስተላለፍ ወይም ማሰረዝ ነው። ካሣ የለም፣ ወጪም አይተካም። ካሣ የሚፈልግና አሜሪካ ውስጥ ከሶ መከራከር የሚችል ግን በ1999 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አለለት፤ ፍርድ ቤቱ በአንድ ዶሜይን ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር ሊወስን ይችላል። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሎስ አንጀለስ ሱቅ ያላችሁ ይህን ከጠበቃ ጋር አስሉት። እንደ ዶት ሾፕ ባሉ አዳዲስ ቅጥያዎች ላይ ዩአርኤስ የሚባል ርካሽና ፈጣን መንገድም አለ። ነገር ግን ገጹን ያግዳል እንጂ ዶሜይኑን አይሰጣችሁም።

የአገር ቅጥያዎች እንደየአገሩ ናቸው። የእኛን ዶት ኢቲ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ ጥያቄያችሁን እዚያ ጀምሩ።

አቤቱታውን ጻፉ

የዋይፖ ድረ ገጽ ላይ ቅጽ አለ፤ የማብራሪያው ክፍል ከ5,000 ቃል መብለጥ የለበትም። እኔ ከ2,000 ባይበልጥ እመርጣለሁ። ዳኛው የሚፈልገው የተናደደ ጽሑፍ ሳይሆን ቁጥር የተሰጠው አባሪ ነው። "ተጠሪው ሌባ ነው" ከማለት "አባሪ 4ን ይመልከቱ፤ በዚህ ቀን ይህን ያህል ዶላር ጠይቋል" ማለት ይበልጣል። ቋንቋው ተጠሪው ዶሜይኑን የገዛበት ውል ቋንቋ ነው፤ በአብዛኛው እንግሊዝኛ። የአማርኛ ደረሰኝና ምስክር ወረቀት ከትርጉሙ ጋር አያይዙ። ከመጻፋችሁ በፊት ከእናንተ ጋር የሚመሳሰሉ አምስት ውሳኔዎች አንብቡ፤ ዋይፖ ሁሉንም በነጻ ያወጣል።

ካስገባችሁ በኋላ ሬጂስትራሩ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ዶሜይኑን ይቆልፋል፣ የተሸፈነውን ስምም ለዋይፖ ይሰጣል። እናንተም አቤቱታችሁን በዚያ ስም ታስተካክላላችሁ። ለዚህ የሚሰጣችሁ 5 ቀን ነው፤ ኢሜይላችሁን በየቀኑ ክፈቱ። ተጠሪው ለመልስ 20 ቀን አለው፤ ከጠየቀ 4 ቀን ይጨመርለታል። ዝም ቢልም ሦስቱን ነጥብ ከማስረዳት አያድናችሁም። ዳኛ ከተሾመ በኋላ ውሳኔው በ14 ቀን ይጠበቃል። ባጠቃላይ ወደ ሁለት ወር ነው።

አንድ ነገር ደግሜ ልበል። የቀኑ ወረቀት ላይ ተበልጣችሁ ሳለ "ይሞከር" ብላችሁ አታቅርቡ። ዳኛው አቤቱታው ራሱ ዶሜይን ለመቀማት የቀረበ ነው ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ቅጣት የለውም፤ ግን ውሳኔው ከስማችሁ ጋር ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ መግዛት ይሻላል። ገዢው ማን እንደሆነ በማይናገር ደላላ በኩል ግዙ፣ ገንዘቡም ዶሜይኑ እስኪተላለፍ በሦስተኛ ወገን እጅ ይቆይ። በቀብድ ብቻ አትመኑ። ወዳጄ አልገዛችም። በስሟ ላይ "ባልትና" ጨምራ ሌላ ዶሜይን ያዘች፤ በዚያው ሳምንት የንግድ ምልክት ማመልከቻዋን አስገባች።

ካሸነፋችሁ

ውሳኔው ከደረሰ በኋላ ሬጂስትራሩ 10 የሥራ ቀን ይጠብቃል፤ ተጠሪው ፍርድ ቤት ካልከሰሰ ዶሜይኑ ይተላለፋል። ያኔ በራሳችሁ ስም አካውንት ክፈቱ። ኢሜይሉ የድርጅቱ ይሁን፤ የሠራተኛ ወይም የድረ ገጽ ሠሪው አይሁን። ያንኑ ዶሜይን ተጠቅሞ የሚሠራ ኢሜይልም አይሁን፤ ዶሜይኑ ከቆመ ማስጠንቀቂያው አይደርሳችሁማ። የማስተላለፊያ መቆለፊያውንና ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። ለብዙ ዓመት አስቀድማችሁ ክፈሉ፤ እስከ 10 ዓመት ይፈቀዳል። የሚያበቃበትን ቀን ደግሞ ከንግድ ፈቃዱ አጠገብ ግድግዳው ላይ ጻፉት።